የማይንቀሳቀስ

ማክሰኞ ከሰዓት ሁለት ሆነው መጡ፣
ማኅተም ያረፈበት ቅጽ ከቦርሳ አወጡ።
አንዱ በሩን ለካ፣ አንዷ መስኮት ቆጠረች፣
የሣንቃውን ጥልፍ ጎንበስ ብላ መረመረች፤
ከዚያ ወደ አያቴ፣ ወደ አወድ ሳልሚን ዞረው
(በርጩማው ላይ ነበር፤ እሱ ሁሌም እዚያው ነው)
ተራ ቁጥር አራትን አነበቡ ድምፅ ሳይቀንሱ፦
«የማይንቀሳቀስ ነው? ወይስ ተንቀሳቃሽ ቅርሱ?»

አያቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤
መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ዝም ማለት ፈለገ።

አባቱ ከሙከላ በሸራ ጀልባ ተሻገረ፣
ከጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ነበረ፤
ጅማ ሲደርስ የተረፈው አቡጀዲ፣ መቀስ፣ መስገጃ።
ቤት ሠራ፦ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ማደሪያ፣
ከጓሮ የበቅሎ ማሰሪያ።
ስም አልነበረውም፤ «አረብ ቤት» ነው የሚባለው።
«ሩጥ፣ ከአረብ ቤት ክርና ላምባ ይዘህ ና» ሲለው
አባት ልጁን፣ ልጁ ሮጦ፣ ሳንቲሟን በጥርሱ ነክሶ፣
ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ወደ ደጃችን ፈሶ፣
ጭቃው እስከ ባንኮኒው ድረስ። አያቴ ያንን ጭቃ
እስካሁን ያነሣዋል፣ ሲተኛም ሲነቃ።

ስልሳ ሰባት ሐምሌ አዋጅ በራድዮ ተነገረ፤
የቤተሰቡ ተንቀሳቃሽ በሁለት ሳምንት በረረ፦
ሳሌህ ጅዳ ገባ፣ ዑበይድ ኤደን ቀረ፣
ቤቱ ደግሞ ባለበት ቆሞ የቀበሌ ሆኖ አደረ።
አያቴ አልሄደም። የሰቃዋን ልጅ አግብቷል፤ የዱቤ ደብተሩም ሙሉ ነው፤
«ሰው ብድር እያለበት ጥዬው ልሂድ?» አለ ይባላል። ደብተሩ ዛሬም ያው ነው።
አባቱ በሠራው ቤት፣ በየወሩ፣ በደረሰኝ፣
ኪራይ ከፋይ። (ዘንድሮ የደረሰኙን ጠባቂ እኔን አደረገኝ።)

እኔ ሥራዬ ማስጎብኘት ነው።
ጠዋት ጅሬን፣ ቤተ መንግሥቱ፤ ቀጥሎ ሙዚየም፤ ከምሳ በፊት
አሥራ አምስት ደቂቃ፦ የአረቦቹ ቤት።
«ይህ ሰውዬ ማነው?» ሲሉኝ፣ አያቴ ነው አልልም፤
«የማኅበረሰቡ አባል» እላለሁ። እሱም አያጋልጠኝም፤
የማያውቀኝ መስሎ እጁን ከደረቱ ያኖራል፤
ማታ ራት ላይ «አንቺ፣ ዛሬ ዋጋዬ ስንት ወጣ?» ይላል።

ባለፈው ዓመት ለበዓሉ «ሽርጥ ልበስ» አሉት፤
ሱሪ ለባሽ ነው እኮ! ጀምቢያም ከሐረር ሰው ተውሰው አስታጠቁት።
«ጭፈራስ አላችሁ ወይ?» «አለን፣ ሰርግ ላይ ነው» አለ፤
«ሙሽራ አምጡ እንጂ፣ ከበሮው ጓዳ ተሰቅሎ አለ።»

አንዲት ጎብኚ ደግሞ፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ፣
«ወደ አገርህ መመለስ ትፈልጋለህ?» አለችው ዝቅ ብላ።
«አኒ አሱማ» አላት በኦሮምኛ። እዚሁ ነኝ።
ሁለት ቃል ብቻ።
እኔ ተርጓሚዋ ስለ ንግድ መስመር፣ ስለ መቻቻል፣ አምስት ደቂቃ ለጠጥኩት፤
ሴትዮዋ ጻፈችው። ዓይኑን አላየሁም፤ ሸሸሁት።

እና ማክሰኞ፣ ቅጹ ተዘርግቶ፣ እስክሪብቶው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣
አያቴ ተነሣ፤ ጉልበቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፤
ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከፀሐይ ወደ ጥላ አሻገረ።
ሦስት እርምጃ ናት። ለሱ ግን ረጅም መንገድ ነበረ።
«ቤቱን እንደወደዳችሁ ጻፉት፤ አስር ደርሷል» አለ፣
በሰዓትም በሰላትም፤
ነጠላ ጫማውን ግራና ቀኝ እያስተካከለ።
ያንን የተለካ በር ዘጋው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤
ተራ ቁጥር አራት ባዶውን ከኛ ጋር ደጅ ተጎለተ።

ባጃጅ ቆሞ አሳለፈው።
«ይመለሳሉ?» አለችኝ ልጅቷ፣ ሰዓቷን እያየች።
«አያቴ ነው» አልኳት፣
ያልጠየቀችኝን።